ለሩቅ መንገድ የሚሆን መኪና

በቀደመው የሀገራችን ልማድ ፈረስ ለጦርና ለክብር፣ በቅሎ ለመንገድ ነበሩ። መኳንንቱ ዘመቻ ሲወጡ ራሳቸው በበቅሎ ተቀምጠው ይጓዛሉ፤ ፈረሱ ጉልበቱን ሳይጨርስ ለውጊያው ቀን እንዲደርስ በአሽከር እየተሳበ ይከተላቸዋል። በፍጥነት ቢመዘን ፈረስ ይበልጣል፤ በግርማም ይበልጣል። በቅሎ የተመረጠችው ገደሉን እግሯን ሳትስት ስለምትወርድ፣ በጥቂት መኖ ስለምታድር፣ ነገም እንደ ዛሬው ስለምትራመድ ነው። ዛሬ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በብዙ ቀመር የሚገልጹት ቁም ነገር በዚህ ምርጫ ውስጥ አለ፦ ለሩቅ መንገድ የሚፈለገው በጥሩ ቀን ከሁሉ የሚልቀው መጓጓዣ አይደለም፤ በክፉ ቀን ባለቤቱን ከሁሉ ያነሰ የሚጎዳው ነው።

ይኸው ጥያቄ በኮሎራዶ፣ በዴንቨርና በኦሮራ ወሰን ላይ በምትገኘው ሎውሪ፣ ትምህርት ቤቶች ለበጋ ሲዘጉ በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ይነሣል። ሠርግ አለ፤ ክርስትና አለ፤ ለቅሶ አለ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ በጁላይ መግቢያ የሚያሰናዳው በዓልም አለ። ዴንቨር ግን ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩባቸው ሌሎች ከተሞች ሁሉ ርቃ የተቀመጠች ናት። ወደ ዳላስ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ላስ ቬጋስም እንዲሁ። ወደ ሲያትል 2,100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ መቀሌ ደርሶ መመለስ እንኳ ይህን አያህልም። ለቤተሰብ ሁሉ የአውሮፕላን ትኬት መግዛት የሚከብደው ቤተሰብ ስለዚህ መኪና ይመርጣል፤ ምርጫውም የወራት ቁጠባን የሚበላ ውሳኔ ይሆናል።

አንድ የሎውሪ ቤተሰብን እንመልከት። አባት በወጣትነታቸው በአሰብ መስመር ከባድ መኪና የነዱ፣ አሁን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ልጃቸው በዴንቨር መሀል ከተማ በአንድ የገንዘብ ተቋም ውስጥ የስጋት ትንተና ባለሙያ ናት። በሲያትል የምትኖረው የአባት ታላቅ እህት ታማለች፤ ከተያዩ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል። የሚጓዙት ስድስት ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ገና ያልተራመደ ሕፃን ነው። እናት የስኳር ሕመምተኛ በመሆናቸው ኢንሱሊናቸው ሙቀት እንዳይነካው መጠበቅ አለበት። በዋዮሚንግ ገላጣ ሜዳ ላይ በጁላይ ፀሐይ መቆም ለዚህ ቤተሰብ ከመጉላላት ያለፈ ነገር ነው።

በጠረጴዛው ላይ ሦስት ሐሳቦች ቀረቡ። ልጅቱ በብድር አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አሰበች፤ ባልዋ በዋጋው ርካሽ ሆኖ የተገኘ አንድ ያገለገለ የአውሮፓ ቅንጡ መኪና ዐይኑ ገባ፤ አባት ደግሞ አሮጌ ቶዮታ እንጂ ሌላ አልሰማም አሉ። ልጅቱ ያዘጋጀችውን ሰንጠረዥ አሳየቻቸው፦ «አባዬ፣ ይመልከቱ፤ የኤሌክትሪኩ ሞተር የሚንቀሳቀስ አካሉ ጥቂት ነው። ዘይት አይቀየርለት፣ ካንዴላ የለው፣ ካምቢዮው እንደ ድሮው አይደለም። የሚበላሽ ነገር ካነሰ የመበላሸት ዕድሉም ያንሳል።» እሳቸውም ሰንጠረዡን ሳይንቁ መለሱላት፦ «ልጄ፣ መኪና ይቆማል። ያልቆመ መኪና አላየሁም። እኔ የምጠይቀው የት ይቆማል፣ ሲቆምስ ማን ያነሣዋል ብዬ ነው።»

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ የተናገሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። አስተማማኝነት የምንለው ቃል ቢያንስ ሦስት መጠኖችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይዟል። አንደኛው መኪናው በተወሰነ መንገድ ላይ የመበላሸት ዕድሉ ነው። ሁለተኛው ከተበላሸ በኋላ ተጠግኖ እስኪነሣ የሚፈጀው ጊዜና ገንዘብ ነው። ሦስተኛው ባለቤቱ ስለ እነዚህ ሁለቱ አስቀድሞ ምን ያህል ያውቃል የሚለው ነው። የሸማች መጽሔቶችና የሻጭ ማስታወቂያዎች የሚነግሩን በአብዛኛው ስለ መጀመሪያው ነው። የሩቅ መንገድ መከራ ግን በብዛት የሚመጣው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ነው።

ለምሳሌ ያህል ብቻ ቁጥር እንስጠው። አንዱ መኪና ከ100 ጉዞ 2 ጊዜ ብቻ ይበላሻል እንበል፤ ሲበላሽ ግን ሩቅ ከተማ ድረስ መጎተት፣ ዕቃው ከሌላ ግዛት እስኪመጣ አንድ ሳምንት ሆቴል መክረም ግድ ይሆናል፤ ጉዳቱ 6,000 ዶላር ነው። በአማካይ የሚጠበቀው ወጪ በአንድ ጉዞ 120 ዶላር ይሆናል። ሌላው መኪና ከ100 ጉዞ 5 ጊዜ ይበላሻል፤ ነገር ግን በየትኛውም ትንሽ ከተማ መለዋወጫው ስለሚገኝና ማንም መካኒክ ስለሚያውቀው ጉዳቱ 800 ዶላር ላይ ይቆማል። የሚጠበቀው ወጪ 40 ዶላር ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መኪና ለመንገዱ የበለጠ አስተማማኝ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በአማካይ የማይገለጽ ነገር ሲጨመርበት፣ ለምሳሌ ሙቀት የሚፈራ መድኃኒትና የሚያለቅስ ሕፃን፣ ሚዛኑ ይበልጥ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል።

አባት ይህን ቀመር የተማሩት በአሰብ መንገድ ነው። እስከ 1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ድረስ አሰብ የኢትዮጵያ ዋና ወደብ ነበረች፤ ከኮምቦልቻ በባቲ ወርዶ፣ ሚሌን አልፎ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው መንገድ የሀገሪቱ የደም ሥር ነበር። በዚያ መስመር ፊያት 682 ኤን-ትሬ ስሙን የተከለው ከሁሉ ፈጣን ወይም ከሁሉ ምቹ ሆኖ አይደለም። ሹፌሩና ረዳቱ በጥላ ሥር ፈትተው ሊገጥሙት የሚችሉት ስለነበረ፣ ከኋላ የሚመጣውም ሹፌር ያንኑ መኪና ስለሚነዳ፣ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው ስለሚሆን ነው። በአንድ መስመር ላይ አንድ ዓይነት መኪና በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ መኪና ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል። ኢኮኖሚስቶች ይህን የትስስር ጥቅም ይሉታል፤ አንድ ሰው የሚገዛው መኪና ለጎረቤቱም መኪና ዋጋ ይጨምራል።

የዚህን ተቃራኒ ታሪክ ደጋግሞ አሳይቷል። በ1907 ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌ የተባለ መኪና ይዞ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ሲጀምር፣ በመንገዱ ላይ መለዋወጫም ጋራዥም ነዳጅ ማደያም አልነበረም፤ መንገዱ ራሱ አልነበረም። ደርሶ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪናውን ማሳየቱ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ወራት የፈጀ ጉዞ ነበር፤ የተሳካውም በሰውና በከብት ጉልበት እየታገዘ ነው። በ1936 የኢጣሊያው ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,500 በላይ የሆኑ ልዩ ልዩ ሥሪት ያላቸውን ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ኤፕሪል 26 ቀን ከደሴ ሲነሣም ሠራዊቱ በዝናብና በጭቃ መኪና እየገፋ፣ ጣርማ በር ላይ የፈረሰውን መንገድ እየጠገነ ነው ሜይ 5 ቀን አዲስ አበባ የገባው። የመኪናው ብዛት የመንገዱን ጉድለት አላካካሰም።

ወራሪው ከአምስት ዓመት በኋላ ተባረረ፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን ቀረ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ስኮርታ፣ ፖርቶመጋላ፣ ሊብሬም ቦሎም ሳይቀር ከጣልያንኛ የወረስናቸው ናቸው። እነዚህ ቃላት ከመኪናው ይልቅ የጥገናው ዕውቀት በሕዝብ ውስጥ መስረጹን ይመሰክራሉ። አንድ ማሽን በአንድ ሀገር ለመደ የሚባለው የአካሉ ስም በመካኒኩ አፍ ሲለመድ ነው። ለአዲሱ መኪና ኢንቨርተርና የባትሪ አስተዳደር ሥርዓት መርካቶ ገና የራሷን ስም አላወጣችላቸውም፤ ይህ ራሱ የሚያስተውለው ቢገኝ አንድ የልማት መለኪያ ነው።

የሎውሪም ምድር ስለዚሁ ጉዳይ የሚናገረው አለው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1918 ፈረንሳይ ውስጥ ከወደቀው የዴንቨር ተወላጅ የአየር ላይ ቃኚ ከፍራንሲስ ሎውሪ ነው። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1994 ድረስ የአየር ኃይል ሰፈር ነበር፤ አውሮፕላን መነሣትና ማረፍ ግን በ1966 አብቅቷል። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሰፈሩን ያኖረው ሥልጠና ነው። ከመጀመሪያውም ቢሆን ሎውሪ በዋናነት ያስተማረው ምድር ላይ ሆነው መሣሪያውን፣ ካሜራውንና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃውን የሚንከባከቡትን ባለሙያዎች ነበር። ዛሬ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው በቀድሞው ሃንጋር ውስጥ ያለውን ሙዚየም ሲጎበኙ የሚያዩት አውሮፕላኖቹን ነው፤ አውሮፕላኖቹን በሰማይ ያቆዩአቸው ሰዎች የተቀመጡበት የመማሪያ ክፍል ግን ወደ መኖሪያና ወደ ቢሮ ተለውጧል። በየትም ሀገር ማሽኑ ይታያል፤ ጠጋኙ አይታይም።

ከሎውሪ በስተምሥራቅ ጥቂት ሲነዱ የኦሮራ ሃቫና ጎዳና ይገኛል፤ የመኪና መሸጫዎች የተደረደሩበት፣ ከመካከላቸውም የሐበሻ ምግብ ቤት የማይጠፋበት መንገድ ነው። የባልየው ርካሽ የአውሮፓ መኪና ጥያቄ የሚመለሰው በዚህ ገበያ ባሕርይ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመውና በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋነኛ በሆነው ጽሑፉ ያሳየው ይህንኑ ነበር፦ ሻጭ የመኪናውን ጉድለት የሚያውቅ፣ ገዢ ግን የማያውቅ ከሆነ፣ ገዢው ለአማካይ መኪና የሚገባውን ዋጋ ብቻ ይከፍላል፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰውም በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል። ገበያው ውስጥ የሚቀረው እያደር የከፋው ነው። ስለዚህ ቅንጡ ሆኖ ያለ ልክ የረከሰ መኪና ሲገኝ፣ ርካሽነቱ ራሱ ወሬ ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፦ ከሻጩ ጋር ዝምድና በሌለው ጋራዥ ማስመርመር፣ የአገልግሎት መዝገቡን ማየት፣ የቀድሞ ባለቤቶቹን ብዛት ማጣራት። ለምርመራ የሚከፈለው ሁለት መቶ ዶላር ያህል ገንዘብ ዕውቀትን መግዣ ነው።

የአባት ምርጫስ? የቶዮታ ስም በኢትዮጵያውያን ዘንድ ከንግድ ምልክትነት አልፎ የእምነት ያህል ሆኗል። ላንድክሩዘር ለእርዳታ ድርጅቶችና ለመንግሥት ጉዞ ለዓመታት ስላገለገለ፣ ከሞያሌ እስከ ሽሬ መካኒኩ ዐይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ነገር ግን በገጠር ኢትዮጵያ ስሙን ያስጠራው፣ በ1984 የወጣውና ዛሬም የሚመረተው 70 የሚባለው ሥሪት በአሜሪካ አይሸጥም። በአሜሪካ በ2021 ሽያጩ ተቋርጦ በ2024 ሞዴል የተመለሰው ላንድክሩዘር በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቱርቦ ሞተር ያለው፣ ሌላ መኪና ነው። ምናልባት እጅግ ጥሩ መኪና ሊሆን ይችላል፤ ዝናው ግን የራሱ ሥራ አይደለም። በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ እንደሚባለው፣ ስም በዘመድ በኩል ሲመጣ ጠይቆ ማጣራት ይገባል።

ደግሞም የአባት ትዝታ የራሱ ወጥመድ አለው። በአሰብ መንገድ የሚያስታውሷቸው ኤን-ትሬዎች የተረፉት ናቸው። በበረሃ የቀሩትን፣ ሞተራቸው ተፈትቶ ለሌላው መለዋወጫ የሆኑትን ማንም አይተርክላቸውም። ልጅቱ ይህን በአክብሮት አነሣችባቸው፤ እሳቸውም ከጥቂት ዝምታ በኋላ በመንገድ ዳር ተጥለው ያዩአቸውን መቁጠር ጀመሩ፤ ከአሥር በላይ ሲደርሱ ተዉት። የሰው ልምድ መረጃ ነው፤ ነገር ግን የጠፉትን የማይቆጥር መረጃ ነው።

በመጨረሻ የተመረጠው ከሦስቱም አንዱ አልነበረም። ቤተሰቡ ዘጠኝ ዓመት የነዳው የቶዮታ ሲየና ቫን በደጅ ቆሟል። ስድስት ሰው ይጭናል፤ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ የትኛው በር እንደሚያስቸግር፣ ዳገት ላይ ሲወጣ ድምፁ እንዴት እንደሚሆን ያውቃሉ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው ተረት የኢኮኖሚ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ የታወቀ ጉድለት በጀት ሊያዝለት ይችላል። ለአዲስ መኪና ቅድሚያ ክፍያ ታስቦ ከነበረው ገንዘብ ጥቂቱ ለአራት አዲስ ጎማ፣ ለባትሪ፣ ለፍሬን ሸራና ዘይት፣ ለራዲያተር ውሃና ለቺንጋ ዋለ። የስኮርታው ጎማ አየር ተሞላ፤ መኪናው ቢቆም እንኳ ኢንሱሊኑ እንዳይሞቅ በራሱ ባትሪ የሚሠራ አነስተኛ ማቀዝቀዣ ተገዛ። ስጋቱ ከመኪናው ተለይቶ ለብቻው ዋስትና አገኘ። ይህ ከሁሉ ብልኅ የሆነው ውሳኔ ነበር፤ ማሽኑ ፍጹም እንዲሆን ከመጠየቅ ማሽኑ ሲወድቅ የሚጎዳውን ማሳነስ ይረክሳልና።

የቀረው የአነዳድ ጉዳይ ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ በዋዮሚንግ የሚያልፈው 80ኛው አውራ ጎዳና ከሸየን ወደ ላራሚ ሲያመራ እስከ 2,633 ሜትር ይወጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል፤ ሰውና ሻንጣ የጫነ መኪና ዳገት ላይ ሲዝል ሾፌሩ መደንገጥ የለበትም። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ የበለጠ ፈታኝ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ የወረደ ሹፌር የሚያውቀውን ምክር አባት ለልጃቸው ሰጡ፦ «በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ፤ ፍሬኑን ለሚያስፈልግሽ ሰዓት አስቀምጪው።» በመንገድ የገጠማቸው ችግር ሮውሊንስ አጠገብ የተበሳ አንድ ጎማ ብቻ ነበር። በከተማዋ ያለ ጎማ ቤት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሠርቶ ሰደዳቸው። ጎማው በየትኛውም ሱቅ የሚገኝ ልክ ነበረ።

ይህ የአንድ ቤተሰብ ሒሳብ በሀገር ደረጃ ሲሰፋ የፖሊሲ ጥያቄ ይሆናል። ኢትዮጵያ በ2020 ባወጣችው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለች፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሏን አስታወቀች። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው፦ ለነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይወጣል፤ በአንጻሩ በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ በብር የሚከፈል ኃይል ይሰጣል። በአዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤቱ ለሚገባ መኪና ስሌቱ ጠንካራ ነው።

ከከተማ ሲወጣ ግን የአባት ጥያቄ ይመለሳል፦ የት ይቆማል፣ ሲቆምስ ማን ያነሣዋል? አሜሪካ እንኳ በ2021 የመሠረተ ልማት ሕጓ በዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ በየ50 ማይሉ ኃይል መሙያ እንዲኖር 5 ቢሊዮን ዶላር መመደብ ያስፈለጋት፣ የግል ገዢው የሚገዛው መኪናውን እንጂ መንገዱን ስላልሆነ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ሥሪታቸው ብዙ፣ የእያንዳንዱ ቁጥር ጥቂት ነው። አሰብ መስመርን ያኖረው የአንድ ዓይነት መኪና ብዛትና የጋራ መለዋወጫ ገና አልተፈጠረም። የጉምሩክ ቀረጥ በአንድ ቀን ይቀየራል፤ መካኒክ ለማፍራት ግን ዓመታት ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ በውጭ የሚኖረው ባለሙያ ስለ እግዱ ሲወያይ መኪናው ነዳጅ ይሁን ኤሌክትሪክ በሚለው ላይ ብቻ ባይቆም መልካም ነው። የሚቆጠሩ ሌሎች ነገሮች አሉ፦ አስመጪው ለስንት ዓመት መለዋወጫ የማቅረብ ግዴታ አለበት? የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከፍተኛ ቮልቴጅ ባትሪ የሚከፍት ሰው ስንት ያስመርቃሉ? የኃይል መሙያው መሰኪያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው? በደብረ ብርሃንና በወልድያ፣ በነቀምትና በያቤሎ ስንት አለ? የአሮጌ ባትሪ ቀሪ ዐቅም ለገዢ የሚገለጽበት ሕግ ወጥቷል? ይህ የመጨረሻው ካልተመለሰ የአከርሎፍ ገበያ በአዲስ አበባም ይደገማል፤ ዛሬ በኤሌክትሪክ መኪና የታመነው ቤተሰብ ነገ የሚሸጥለት ያጣል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ማዘጋጀት፣ ሥርዓተ ትምህርት መላክ፣ ሠልጣኝ መቀበል በዴንቨርም በዋሽንግተንም ሆኖ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው፤ መኪና ገዝቶ ከመላክም ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃል።